ለትምህርት የወጣውና ከቤት የቀረው
(ስለ ወንድማማችና እኅትማማች መብትና ግዴታ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወላጅን ስለ ማክበር ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል፤ ስለ ባልና ሚስት አንድነትም በየሠርጉ ቤት ይነገረናል። ከአንድ ማሕፀን ስለ ወጡ፣ ከአንድ መሶብ ስለ በሉ፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ስላደሩ ልጆች ግን በጉባኤያችን ላይ እምብዛም ሲነሣ አንሰማም። ምናልባት ወንድምነት ሳይማሩት የሚታወቅ ነገር መስሎን ይሆናል። ይሁን እንጂ ኦሪት ዘፍጥረትን የከፈተ ሰው ገና አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ፣ በምድር ላይ የፈሰሰው የመጀመሪያው የሰው ደም በወንድም እጅ የፈሰሰ መሆኑን ያነባል። ገፋ ሲያደርግ ይስሐቅንና እስማኤልን፣ ያዕቆብንና ዔሳውን፣ ልያንና ራሔልን፣ ከዚያም ዮሴፍንና ዐሥሩን ታላላቆቹን ያገኛል። የተጣሉትም በሩቅ ነገር አይደለም፤ በመሥዋዕት፣ በብኵርና፣ በአባት ምርቃት፣ በአንዲት ያማረች ቀሚስ ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁሉን ልንዳስስ አንችልም። እኛን የዲማንና የአካባቢዋን ልጆች በተለይ የሚነካውን አንድ ነገር ብቻ እናነሣለን፤ ይኸውም ከአንድ ቤት ልጆች መካከል አንዱ ለትምህርት ሲወጣ ሌላው ከቤት የሚቀርበት ሁኔታ ነው። የወጣው በቀረው ላይ ምን መብት አለው? የቀረውስ በወጣው ላይ?

እንደሚታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ የትምህርት አገር ነው። ከብቸና ከተማ ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ጥንታዊ ደብር ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች ሲማሩበት የኖረ ነው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ይጠቀሳሉ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ መማሩ ብዙ ተነግሮለታል፤ የሚገባውም ነው። ነገር ግን ያ ልጅ አባቱን ሳያስፈቅድ ሌሊት ከቤት ሲጠፋ፣ ማለዳ ከብቶቹን ማን ነዳቸው? ታናሹ ነዋ! የሁለት ልጅ ሥራ ብቻውን ሲሠራ አደገ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሞፈርና ቀንበር ተሸከመ። የታላቁ ቅኔ በየማኅሌቱ ሲጠቀስ ይኖራል፤ የታናሹን ስም ግን ከመንደሩ በቀር የሚያውቀው የለም።

የእኛም ዘመን ትምህርት ከዚህ ብዙ አይለይም። ደበሎው በዩኒፎርም፣ አኮፋዳው በደብተር ቦርሳ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥተን በብቸና ወይም በደብረ ወርቅ ቤት ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተማርን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሦስትና አራት ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል ስንኖር ስንቅ ከቤት ይመጣልን ነበር። እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በሶው በገበያ ቀን በአህያ ተጭኖ ወይም በጀርባ ታዝሎ ይደርሳል። ያን እንጀራ የጋገረችው፣ ውኃውን የቀዳችው፣ እህሉን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ያስፈጨችው አብዛኛውን ጊዜ እኅት ናት። እርስዋ ከአራተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው አእምሮ ጎድሏት አይደለም፤ ቤቱ ሁለት ተማሪ መሸከም ስላልቻለ ነው። «እንግዲያው አንዱ ይማር» በተባለ ጊዜ ደግሞ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ዕጣ ሳይጣልም የታወቀ ነበር። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ በአንድ ሰው ስም ይጻፍ እንጂ የተከፈለበት በሁለትና በሦስት ሰው ጉልበት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ ድርሻ።

በጥንቱ የጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት ከአንድ ዋና አባት ተነሥቶ በወንድም በሴትም በኩል ሲወርድ ኖሯል። ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም ርስት ከወንድሟ ጋር እኩል የመጠየቅ መብት ነበራት፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ መብቱ የሚገኘው ተሟግቶ በመሆኑ ላይ ነው። ርቃ የተዳረች ሴት ባሏ ወይም ልጇ ካልተከራከረላት ድርሻዋ በወንድሟ እጅ ይከርማል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል እንጂ ሺህ ዓመት የሚጠብቅ ሆድ የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሙግት ዘጋው፤ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን የመሬት ድልድል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ያደገ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው ከወላጁ ነው። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በሰፊ ዘመድ መካከል ይካሄድ የነበረው ሙግት ወደ አንድ ጎጆ ገባ፤ የአንድ እናት ልጆች ሙግት ሆነ። ሂሳቡን እንመልከተው፤ አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያለው አባት ስድስት ልጆች ቢኖሩት ለእያንዳንዱ አንድ ቃዳ እንኳ አይደርሰውም። ከዚያች ብጣሽ መረሬ የሚገኝ ጤፍ ቤተሰብ አያኖርም። ስለዚህ አንዱ ማረስ፣ ሌሎቹ መተው ወይም በመሸጥ በማይቻል መሬት ላይ ሲካሰሱ መኖር አለባቸው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች መሆናቸውንና ድርሻቸው እኩል መሆኑን ይደነግጋል፤ ጾታና ዕድሜ ለውጥ እንደማያመጡም ለይቶ ጽፎታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በውርስም በመሬትም አረጋግጧል። የገጠሩን መሬት ውርስ በተመለከተ ክልሉ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. ያወጣቸው ዐዋጆች አሉ፤ ዝርዝሩን ለባለሙያ እንተዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላ ነገርም በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ አለ። ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ ሳይሆን በወንድማማችና በእኅትማማች መካከልም አለ። ሠርቶ መብላት ያልቻለ ችግረኛ ወንድም በተራው ደርሶ ወንድሙን በፍርድ ቤት ቀለብ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ሕግ እስከዚህ ድረስ መሄዱን ስናይ እኛ ክርስቲያኖች የት ላይ እንደምንቆም ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

የእኅት ድርሻ በሕግ ብቻ የጸና አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ላይ አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ወንድም ስላልነበራቸው የአባታቸው ስም ከርስት እንዳይጠፋ በሙሴና በአለቆቹ ፊት፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ቆመው ጠየቁ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም ፈረደላቸው። ጻድቁ ኢዮብም ከመከራው በኋላ ሴቶች ልጆቹን ከወንድሞቻቸው ጋር አወረሳቸው፤ እነዚህስ ሰባት ወንድሞች ነበሯቸው። እንግዲህ «ሴት ልጅ ባሏ ቤት ትብላ» እያለ እኅቱን ባዶ እጇን የሚሸኝ ወንድም ልማዱን ይጥቀስ እንጂ መጽሐፍ ጠቀስኩ አይበል።

ይህን ስንል ግን መብት ያለው ሁሉ መብቱን እንዴት ይጠቀምበት የሚለው ጥያቄ ገና አልተነካም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ፣ ወንድሙ ርስቱን ያካፍለው ዘንድ እንዲያዝለት ጌታን ለመነው። ጌታም በመካከላቸው ዳኛ ሆኖ እንዳልተሾመ ነገረው፤ ከመጎምጀት እንዲጠበቁም አስጠነቀቀ፤ ከዚያ የዚያን ጎተራ የሚያሰፋ ባለጸጋ ምሳሌ አመጣ። ልብ እንበል፤ ሰውየው ድርሻ የለህም አልተባለም። ደግሞም ይህን ስናነብ ጠያቂውን እንነቅፋለን፤ የከለከለውን ወንድሙን ግን እንረሳዋለን። ምናልባት እርሱም እዚያው ሕዝቡ መካከል ቆሞ ይሰማ ይሆናል። ጌታ ማስጠንቀቂያውን የተናገረው በብዙ ቁጥር ነው።

ደመወዝተኛው ልጅ የአባቱ አርባ በወጣ ማግስት «ድርሻዬን» ይላል። ሕጉ ሊፈቅድለት ይችላል። ነገር ግን አባቱ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ ያገላበጠው ማን ነው? ጠበል ያመላለሰው፣ ለሕክምናው በሬ የሸጠው፣ በክረምት ጭቃ በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ያደረሰው ማን ነው? በየበዓሉ ስልክ ደውሎ «እንዴት ናችሁ» ማለት መልካም ነው፤ መጦር ግን አይባልም። በሽማግሌ ፊት የሚቀርበው የመሬቱ ልክ ብቻ ከሆነ ሂሳቡ ጎደሎ ነው። የተማረበት ዓመት ሁሉ፣ የተላከለት ስንቅ ሁሉ፣ ያልታጠበው የአባቱ ልብስ ሁሉ በሌላው ሚዛን ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ድርሻ ካለ ይጠይቅ።

የቀረውም ቢሆን ፈተና አለበት። በጠፋው ልጅ ምሳሌ ታላቁ ልጅ የቀረው ልጅ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በአባቱ እርሻ ሲደክም ኖሯል፤ ድካሙም እውነት ነው፤ አባቱም አልካደውም። ስሕተቱ የተመለሰውን ልጅ ወንድሜ ብሎ መጥራት መተዉ ነው። ለአባቱ ሲናገር «ያንተ ልጅ» ይለዋል፤ አባትየው ግን ቀስ ብሎ ወንድምህ ብሎ አረመው። በእኛም አካባቢ ስንት ሰው የተማረ ወንድሙን «እሱ ሰውዬ» እያለ ይጠራል!

ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሌላ ምሳሌ ከቅዱሳን ታሪክ እናምጣ። በአራተኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ የነበሩትን ቅዱስ ባስልዮስንና ወንድሙን የኑሲሱን ቅዱስ ጎርጎርዮስን ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ በስማቸው የሚጠሩ ቅዳሴዎች አሉን። የሁሉ ታላቅ የሆነችውን እኅታቸውን ማክሪናን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? አባታቸው ሲሞት እናታቸው አራት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች ይዛ ቀረች፤ መሬታቸው በሦስት ገዢዎች ግዛት ተበታትኖ ስለነበር ለሦስቱም ግብር ትከፍል ነበር። ማክሪና ከእናቷ ጎን ቀርታ ያን ሁሉ ተሸከመች፤ ባለጸጋ ቤት ተወልዳ ሳለ ለእናቷ እንጀራ በገዛ እጇ ትጋግር ነበር። አባቱን በውል ያላወቀውን የመጨረሻውን ልጅ ጴጥሮስን አባትም መምህርም ሆና አሳደገችው፤ እርሱም በኋላ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ባስልዮስ በአቴና የንግግር ጥበብ ተምሮ ሲመለስ በዕውቀቱ እጅግ ታብዮ ነበር። (አቴና የሚለውን ስድስት ኪሎ ብለን ብናነብበው ለእኛ ይቀርባል።) ከዚያ ትዕቢት መልሳ ወደ ምናኔ የመራችው አቴና ያልሄደችው እኅቱ ናት።

ይህን ሁሉ የጻፈልን ጎርጎርዮስ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ379 በሞት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የደረሰበትን ስደትና መከራ ሲዘረዝርላት አላባበለችውም። በየአገሩ ስሙ የተጠራው፣ አብያተ ክርስቲያናት ለእርዳታ የሚፈልጉት፣ በራሱ ችሎታ ሳይሆን በወላጆቹ ጸሎት እንደ ሆነ አስታወሰችው። ኤጲስ ቆጶሱም ተቀበላት፤ በጽሑፉም «መምህርቴ» ይላታል። እኛስ ገና ሁለተኛ ዓመት ሳንጨርስ እኅታችን ስትናገር «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የምንል ስንት ነን?

በዘመናችን ደግሞ ከቤት የቀረችው እኅት ራስዋ ባሕር ተሻግራ የምትሄድበት ጊዜ መጥቷል። ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። በሰው ቤት ሠርታ በሐዋላ የምትልከው ገንዘብ ወንድም ያስተምራል፣ ለአባት በሬ ይገዛል፣ ከተማ ላይም ቤት ያሠራል። ካርታው ግን የሚወጣው በማን ስም ነው? በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ በአጭር ጊዜ ሲመለሱ ብዙዎቹ የለበሱትን ልብስ ብቻ ይዘው ገብተዋል። በገዛ ገንዘቧ በተሠራ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና የምትቀመጥ፣ ወንድሟ ሚስት ካገባ በኋላ ደግሞ ጥግ የምታጣ እኅት አለች። እዚህ ላይ ረጅም ስብከት አያስፈልግም። የላከችው ገንዘብ በደብተር ይጻፍ፤ ደረሰኙ ይቀመጥ፤ ቤቱ በስሟ ይመዝገብ። ወንድም ወኪል እንጂ ባለቤት አይደለም።

ታናናሾቻችንም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ፤ ፊደል ሊቈጥር የደረሰ ሕፃን ቤት ቀረ፤ ስምንተኛ ክፍል ሊፈተን የነበረው ልጅ ጢም አበቀለ። ታላቅ በስሙ የማይጠራበት፣ «አያ» እና «እትዬ» የሚባልበት አገር ነው የእኛ። ይህ ክብር ግን ዋጋ አለው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ባለበት ቤት ታናሹ ማባዛት ሳይችል ቢያድግ፣ «አያ» መባሉ በምን ሂሳብ ነው? አሮጌ ደብተሮቻችንንና መጻሕፍታችንን ለሱቅ መጠቅለያ አንስጣቸው።

ዮሴፍን ከወንድሞቹ መካከል አውጥቶ የመሸጥን ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ እንደ ነበረ እናውቃለን። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ረኃብ ወደ ግብፅ ባወረዳቸው ጊዜ ግን ያው ይሁዳ በብንያም ስለ ታናሹ በአባቱ ዘንድ ዋስ ሆነ። በአገራችን ዋስ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ ተዋሹ ቢጠፋ ዋሱ በገዛ ራሱ ይያዛል። ብንያም ደግሞ የይሁዳ የእናት ልጅ አይደለም፤ ይሁዳ የልያ ነው፣ ብንያም የራሔል። እኛ ዘንድ «የእናቴ ልጅ» ሲባል ድምፁ ይጠብቃል፤ «የአባቴ ልጅ» ሲባል ይላላል። በዚያ ላይ አባታቸው ከልያ ልጆች ይልቅ ብንያምን እንደሚወድ ይሁዳ ያውቃል፤ ለዮሴፍ የዚህ ፍቅር ዋጋ ምን እንደ ነበረም አይረሳም። ጽዋው በብንያም ስልቻ ሲገኝ ዝም ብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ስንቁም ተጭኗል። እርሱ ግን ወደ ፊት ቀርቦ በታናሹ ፈንታ ባሪያ ሆኖ ለመቅረት ጠየቀ። ዮሴፍ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሱን ደብቆ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን መታገሥ አልቻለም፤ ሰዉን ሁሉ ከፊቱ አስወጥቶ አለቀሰ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሁላችን ለትምህርት የወጣን ነን። ከቤት የቀሩት የሚሉትን ስላልሰማን ነገሩ ግማሽ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ከቤት የቀራችሁ ወንድሞችና፣ ይልቁንም እኅቶች፣ እንድትጽፉልን እንለምናለን። መጻፍ ላልቻለ ከቅዳሴ በኋላ እየተናገረ የሚጽፍለት ሰው ይመደባል። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ስሙ አይወጣም። ጽሑፎቹ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይሰጡ፤ በቀና መንፈስ እስከ ተነገረ ድረስ ስለ እኛ ስለ ወጣነው መራራ ነገር ቢኖርበትም ሳይቈረጥ ይወጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።